ባለቅኔና የመንግሥት ዓርማ፤ ዬትስ ስለ አየርላንድ ገንዘብ ምስሎች የሠራውና የጻፈው ሲመረመር

አንድ ሕዝብ ነጻነቱን ባገኘ ማግሥት ከሚገጥሙት ሥራዎች አንዱ በምን ምልክት ራሱን እንደሚያስታውቅ መወሰን ነው። ሕገ መንግሥቱን የሕግ ዐዋቂዎች ይጽፉታል፤ ወሰኑን መልእክተኞች ተነጋግረው ይከልሉታል፤ በማኅተሙ፥ በቴምብሩና በገንዘቡ ላይ የሚቀረጸውን ምስል ማን መምረጥ እንደሚገባው ግን ግልጽ ሆኖ አይገኝም። ሠዓሊው ውበቱን፥ የታሪክ ሊቁ ጥንታዊነቱን፥ ካህኑ ቅድስናውን፥ ገበሬው እውነተኛነቱን ይጠይቃል። ነገርን በምልክት መግለጥ ሙያው የሆነ ባለቅኔ ለዚህ ሥራ በተጠራ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ለመመርመር ለሚፈልግ ሰው፥ የአየርላንዱ ዊልያም በትለር ዬትስ ከ1926 እስከ 1928 የሠራው ሥራ መልካም ምሳሌ ይሰጣል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ዬትስ ሥራውን ብቻ ትቶ አልሄደም፤ በ1928 መንግሥቱ ስለ አዲሱ ገንዘብ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ኮሚቴው ያደረገውንና ሊያደርግ የሞከረውን የሚገልጽ ሐተታ ጽፏል። ስለዚህ ሥራውንና ቃሉን አስተያይቶ መመዘን ይቻላል።

የአየርላንድ ነጻ መንግሥት በታኅሣሥ 1922 ሲቋቋም ዓርማ የሚሆን ምልክት አላጣም ነበር። በገናው አስቀድሞ ነበረ። ይሁን እንጂ በገናው ራሱ ሁለት ጌቶች ያገለገለ ምልክት ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1534 ገደማ ለአየርላንድ ባስመታው ገንዘብ ላይ አስቀረጸው፤ ከ1603 ጀምሮም በእንግሊዝ ነገሥታት ጋሻ ላይ አንዱን ሩብ ይዞ ኖረ። በሌላው በኩል በ1791 የተቋቋመው የተባበሩት አየርላንዳውያን ማኅበር በእንግሊዝ ላይ ሲነሣ ይህንኑ በገና ምልክቱ አድርጎታል። ገዢውም ዐመፀኛውም የተጠቀሙበትን ምስል አዲሱ መንግሥት በ1922 ለማኅተሙ ወሰደው፤ ለአብነትም በዱብሊን በትሪኒቲ ኮሌጅ ተጠብቆ የሚኖረውን ጥንታዊ በገና አደረገ። እንግዲህ ባለቅኔው ወደ ሥራው ሲገባ የገንዘቡ አንድ ፊት አስቀድሞ ተይዞ ነበር፤ ለእርሱ የቀረለት ሌላው ፊት ነው።

ዬትስ ለዚህ ሥራ እንግዳ አልነበረም። በ1888 የአየርላንድ ገበሬዎችን ተረቶች ሰብስቦ አሳትሟል፤ በ1893 ደግሞ በየመንደሩ የሰማውን የመናፍስትና የተአምር ወሬ በሌላ መጽሐፍ አወጣ። ለመጻሕፍቱ ሽፋን የሚሆነውን ጌጥ በጥንቃቄ የሚያሠራ ሰው ነበር፤ ገንዘቡ በወጣበት በ1928 የታተመው የግጥም መጽሐፉ ሽፋን እንኳ የወዳጁ የስተርጅ ሙር ሥራ ነው። ለአዲሱ መንግሥት ዳኞች የሚሆን ካባ ቻርልስ ሻነን የተባለው ሠዓሊ እንዲነድፍ አድርጎ ነበር፤ ዳኞቹ ግን የለመዱትን የእንግሊዝ ካባና ሰው ሠራሽ ጠጉር መረጡ። በ1922 የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነ፤ በ1923 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በመጋቢት 1926 የገንዘብ አዋጅ ለምክር ቤቱ በቀረበ ጊዜ፥ ቴምብርና ገንዘብ የአንድን ሕዝብ ጣዕም ድምፅ ሳያሰሙ ለዓለም የሚናገሩ መልእክተኞች መሆናቸውን ተናግሮ፥ ምስሎቹን ዐዋቂዎች እንዲመርጧቸው አሳሰበ። ይህ አነጋገር የዬትስን ሐሳብ ገና ከመጀመሪያው ይገልጣል፤ በእርሱ ዘንድ ምስሉ በቅድሚያ የሚመሰክረው የሕዝቡን ጣዕም ነው፤ የሕዝቡን እምነት ወይም ታሪክ መመስከሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

የገንዘብ ሚኒስትሩ ኧርነስት ብላይዝ ኮሚቴውን ሲያቋቁም ሦስት ትእዛዞች ሰጠ። በአብዛኛው ገንዘብ አንድ ፊት በገናው እንዲኖር፥ ጽሑፉ በአየርላንድ ቋንቋ ብቻ እንዲሆንና የዘመኑ ሰው መልክ እንዳይቀረጽ። ሊቀ መንበሩ ዬትስ ሆነ፤ ቶማስ ቦድኪን፥ ደርሞድ ኦብራየን፥ ሉሺየስ ኦካለሃንና ባሪ ኢጋን አባላት ሆኑ። ኮሚቴው ከልዩ ልዩ ማኅበራትና ከሕዝቡ አስተያየት ተቀበለ። ብዙዎች የጠየቁት ሻምሮክ የተባለውን፥ በአገራችን ማገጥ ከሚባለው ወገን የሆነውን ባለ ሦስት ቅጠል፥ ክቡን የድንጋይ ግንብና የቅዱሳንን ምስል ነበር። ኮሚቴው እነዚህን አልተቀበለም። በምትካቸው የአገሩ ሀብት የሆኑትን እንስሳት መረጠ፤ ለሠዓልያኑም ፍንጭ እንዲሆን የሲሲልያና የሌሎች የግሪክ ቅኝ ከተሞች ጥንታዊ ገንዘቦች ፎቶግራፍ፥ ከዚያም ጋር አንድ የካርቴጅ ገንዘብ ላከላቸው። ከአየርላንድ ጀሮም ኮነር፥ አልበርት ፓወርና ኦሊቨር ሼፐርድ፥ ከእንግሊዝ ፐርሲ ሜትካፍ፥ ከስዊድን ካርል ሚልስ፥ ከአሜሪካ ፖል ማንሺፕ፥ ከኢጣልያ ፑብልዮ ሞርቢዱቺ ነደፋቸውን አቀረቡ። ለክሮኤሽያዊው ኢቫን ሜሽትሮቪች የተላከው ደብዳቤ ወደ ተሳሳተ አድራሻ በመሄዱ በጊዜው አልደረሰውም፤ ዘግይቶ የላከው የበገና ነደፍ ግን ከጊዜ በኋላ የአየርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ማኅተም ሆኗል። በውድድሩ የሜትካፍ ነደፎች ስምንቱንም ገንዘቦች ያዙ።

ስምንቱ ምስሎች እነዚህ ናቸው። በሐፍ ክራውን ላይ ፈረስ፥ በፍሎሪን ላይ ሳልሞን የተባለው ዓሣ፥ በሽልንግ ላይ ኮርማ፥ በስድስት ፔንስ ላይ ተኵላ አዳኙ ታላቅ ውሻ፥ በሦስት ፔንስ ላይ ጥንቸል፥ በፔኒ ላይ ዶሮ ከነጫጩቶቿ፥ በግማሽ ፔኒ ላይ ዐሣማ ከነግልገሎቿ፥ በመጨረሻዪቱ በፋርዚንግ ላይ መንቁረ ረጅም የዱር ወፍ። ሦስቱ ታላላቆች ከብር፥ ሁለቱ መካከለኞች ከኒኬል፥ ሦስቱ ታናናሾች ከነሐስ ተሠርተው ታኅሣሥ 12 ቀን 1928 ወጡ።

በመጀመሪያ ሊመሰገን የሚገባው የሐሳቡ አንድነት ነው። በብዙ አገሮች ገንዘብ ላይ በአንዱ የንጉሥ መልክ፥ በሌላው ጋሻ፥ በሦስተኛው የአበባ ጉንጉን ይታያል፤ የአንዱ ምስል ከሌላው ጋር ንግግር የለውም። የአየርላንዱ ግን እንደ አንድ ግጥም ስንኞች ተያይዞ ይነበባል። ገንዘቡ ከፍ ሲል እንስሳው ይከብራል፤ ገንዘቡ ዝቅ ሲል እንስሳው ወደ ጓሮና ወደ ደጃፍ ይቀርባል። ባለጸጋው ፈረሱን በኪሱ ይዞ ይሄዳል፤ ድኻዋ እናት ደግሞ በመዳፏ ዶሮዋን ከነጫጩቶቿ ታገኛለች። ይህ ሥርዓት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ በግጥም ውስጥ እያንዳንዱን ቃል በቦታው ማስቀመጥ የለመደ ሰው እጅ ይታይበታል። የአንድ ሠዓሊ ሥራ መሆኑም አንድነቱን አጽንቶታል።

ይሁን እንጂ ሐተታው በጥሞና ሲነበብ ከዬትስ የቀደሙ ጽሑፎች ጋር የሚጋጭ ነገር ይገኝበታል። ዬትስ በ1900 ስለ ቅኔ ምልክቶች፥ በ1901 ደግሞ ስለ ምትሐት በጻፋቸው ድርሰቶች፥ የሰዎች ሁሉ ትዝታ የአንድ ታላቅ ትዝታ ክፍል መሆኑንና ይህ ትዝታ በምልክት ሊቀሰቀስ እንደሚችል አስተምሮ ነበር። ምልክት ኀይል የሚያገኘው ብዙ ትውልድ ስለ ተጠቀመበት ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በኮሚቴው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሕዝቡ በትዝታው ያኖራቸውን ምልክቶች፥ ማለትም ቅጠሉን፥ ግንቡንና ቅዱሱን፥ በብዛት ያገለገሉ ናቸው ብሎ አራቀ። የተካባቸው ምስሎችም ቅርጻቸው ከአየርላንድ መንደር ሳይሆን ከሲሲልያ ባሕር ዳርቻ የተቀዳ ነው፤ የሜሳና ከተማ ጥንቸልና የቱሪ ከተማ ኮርማ በጥንቱ ዓለም ገንዘብ ላይ ስመ ጥር ናቸውና። ባለቅኔው ለግጥሙ የሻውን የሕዝብ ትዝታ ለገንዘቡ የነፈገው ለምን እንደ ሆነ ሐተታው አጥጋቢ መልስ አይሰጥም።

ለዬትስ መልስ ሊሆን የሚችል አንድ ነገር አለ። ምልክት በማርጀት ኀይል እንደሚያገኝ ሁሉ በመርከስም ኀይሉን ያጣል። ሻምሮክና ክቡ ግንብ በዚያ ዘመን በሸቀጥ መጠቅለያና ለጐብኚ በሚሸጥ ዕቃ ላይ ሁሉ ይታተሙ ነበር፤ እንደ ተለማመደ ምሳሌያዊ አነጋገር፥ ሰው ሲያያቸው ምንም አያስብም። ባለቅኔ የሰለቸውን ቃል ትቶ ያልተጠበቀውን ይመርጣል። ነገር ግን ግጥምና ዓርማ በዚህ ላይ ይለያያሉ። የግጥም አንባቢ ፈቅዶ የሚመጣ ነው፤ ካልገባው መጽሐፉን ይዘጋል። ዓርማ ግን ያልፈቀደውም ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ዓርማ የሚመርጥ ሰው አዲስነትን ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ ሲያየው ይህ የእኔ ነው ማለቱን መመዘን ይኖርበታል።

በዚህ መለኪያ እንስሳቱ ሲመዘኑ ከኮሚቴው ግልጽ ቃል የሚበልጥ ነገር ይገኝባቸዋል። በአደባባይ የተሰጠው ምክንያት አገሩ የእርሻና የከብት አገር ነው የሚል ነው። ይህ ሰሙ ነው። ወርቁ ግን ከሥር ይገኛል። ሳልሞን በአየርላንድ ተረት የጥበብ ዓሣ ነው፤ ፊን የተባለው ጀግና ዓሣውን ሲጠብስ ጣቱን አቃጥሎ በአፉ ቢያደርገው ጥበብ ሁሉ ተገለጠለት ይባላል። ኮርማው የአገሩ ታላቅ የጀግንነት ታሪክ ጦርነት የተነሣበት የኩሊ ቡናማ ኮርማ ነው። ውሻው የኩኹለንን ስም ያስታውሳል፤ የስሙ ትርጓሜ የኩለን ውሻ ማለት ነውና። ጥንቸሏም በገበሬዎች ወሬ የጎረቤት ወተት ለመስረቅ ጥንቸል ስለምትሆነው አሮጊት ትናገራለች። እነዚህን ተረቶች ከዬትስ የተሻለ የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነበር። ወርቁን ሳይናገር ሰሙን ብቻ በአደባባይ ማስቀመጡ የቅኔ ሥርዓት ነው። የሰሙን ቋንቋ ከግሪክ ቢዋስም ወርቁ የአገሩ ነው፤ ከላይ የተጠቀሰው ነቀፋ በዚህ በመጠኑ ይቀልለታል።

ለሥነ ሕዝብ ተመራማሪ ግን ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምሩት ተረት የሌላቸው ሁለቱ ትናንሽ ገንዘቦች ናቸው። በአየርላንድ ገጠር ዐሣማ የድኻው ቤት ምሰሶ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ ተሸጦ የመሬቱን ኪራይ ስለሚያስከፍል፥ ኪራይ ከፋዩ ጌታ እያሉ በቀልድ ይጠሩት ነበር። ዶሮዋና እንቍላሏ ደግሞ የሴቲቱ ድርሻ ነበሩ፤ ባሏ ሳይጠይቃት ለቤቷ የምታውለው ገንዘብ ከዚያ ይገኝ ነበር። እንግዲህ ፔኒና ግማሽ ፔኒ በሚዘዋወሩበት እጅ ላይ ዶሮንና ዐሣማን ማስቀመጥ የዚያን ቤት ኑሮ በትክክል መግለጥ ነው። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ የፌዝ ጋዜጦች አየርላንዳዊውን ከዐሣማው ጋር እየሣሉ ሲሣለቁበት ኖረዋል። ስለዚህ ብዙ ሰው ዐሣማዋን በገንዘቡ ላይ ሲያያት ኑሮውን ሳይሆን ያንን ስድብ አስታወሰ። አንድ ሕዝብ ባዕድ ስለሳቀበት ብቻ በገዛ ኑሮው ማፈር ይገባዋልን? ኮሚቴው አይገባውም ብሎ መለሰ፤ መልሱም የሚያስከብረው ነው። የቀረበት ነገር ይህን መልስ ለሕዝቡ በቃል ማስረዳቱ ነው። ሐተታው ስለ ግሪክ ገንዘብ ውበት በሰፊው ሲናገር ዐሣማዋ በአየርላንድ ጎጆ ስለነበራት ክብር ዝም ይላል። በየጎጆው ሄዶ ተረት የለቀመው ሰው ይህን አያውቅም ነበር ለማለት አይቻልም።

የእርሻ ሚኒስቴር ባለሙያዎች በነደፎቹ ላይ የሰጡት አስተያየትም ከዚሁ ጋር መታየት አለበት። የመጀመሪያው ኮርማ ለርቢ የማይበጅ ሆኖ ስለ ተገመተ ተለወጠ፤ የዐሣማዋም ቅርጽ ለገበያ በሚፈለገው ዓይነት ተስተካከለ። ዬትስ ይህን ሲተርክ በፈገግታ ነው፤ አዲሱን ኮርማ በራሱ መንገድ መልካም ነው ብሎ ሲቀበለው፥ ስለ ዐሣማዋ ግን ማዘኑን አይሸሽግም። ብዙ አንባቢዎች ይህን ክፍል የመንግሥት ሠራተኛ በጥበብ ላይ የሠራው ቀልድ አድርገው ያነቡታል። ነገሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል። አገሩ የእርባታ አገር ነው ተብሎ ምልክቱ ከእርባታ ከተወሰደ፥ አርቢው ስለ ምልክቱ አስተያየት የመስጠት መብት አለው። ባለቅኔው ለምስሉ የሰጠውን ምክንያት ባለሙያዎቹ እንደ ቃሉ ወሰዱት፤ በዚህም ከኮሚቴው ውጭ ያሉ ሰዎች በምስሉ ላይ እጃቸውን አሳረፉበት።

ገንዘቡ ሲወጣ የተሰማው ነቀፋ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው የሃይማኖት ነው። ቅዱስና መስቀል የሌለበት፥ አራዊት ብቻ የሞሉበት ገንዘብ የአረማውያን ገንዘብ ነው ተባለ። የአገሩ ሕዝብ አብዛኛው ካቶሊክ ነው፤ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ግን ከፕሮቴስታንት ወገን የተወለደና በሰኔ 1925 በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ስለ ጋብቻ ፍቺ ባደረገው ብርቱ ንግግር የብዙዎችን ቍጣ የቀሰቀሰ ሰው ነበር። ስለዚህ ነቀፋው ምስሉን ብቻ ሳይሆን መራጩንም የሚመለከት ነበር። ሆኖም ሃይማኖትን በገንዘብ ላይ አለማድረግ ሃይማኖትን መናቅ ተብሎ ሊፈረድበት አይገባም፤ ቅዱስ ምስል በገበያና በቁማር መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲንከባለል ማየት ለምእመኑ ክብር አይሆንምና። ሁለተኛው ነቀፋ የዜግነት ነው። ነዳፊው እንግሊዛዊ፥ ማተሚያውም በለንደን ያለው የንጉሡ ማተሚያ ቤት ሆኖ ሳለ ይህ እንዴት የነጻነት ምልክት ይባላል ተባለ። ይህ ነቀፋ ከፊተኛው ይጠነክራል። ሥራውን ለማን እንደ ሆነ ሳይለይ ለተሻለው መስጠት ለጥበብ ታማኝነት ነው፤ ነገር ግን ገና በአራተኛ ዓመቱ የነበረ መንግሥት የራሱን ቀራጮች ማሳደግም ከነጻነት ሥራዎች አንዱ ነበር። ዬትስ ዛሬ ያለውን ጥበብ መረጠ፤ ነገ ሊመጣ የሚችለውን አላሰበበትም።

ጊዜ የሰጠው ፍርድ ከሰው ፍርድ ይለያል። የተሰደቡት እንስሳት እየቈዩ ተወደዱ። በ1939 የመንግሥቱ ስም በገንዘቡ ላይ ኤረ ተብሎ ሲለወጥና በገናው እንደ ገና ሲቀረጽ እንስሳቱ አልተነኩም። ዬትስ በዚያው ዓመት በጥር ወር ዐረፈ። ገንዘቡ በ1971 ወደ ዐሥርዮሽ ሥርዓት ሲዛወር ኮርማው፥ ሳልሞኑና የዱር ወፏ ወደ አዲሶቹ ገንዘቦች ተሻገሩ፤ ፈረሱም በ1986 ተመለሰ። ካልተመለሱት መካከል ዶሮዋና ዐሣማዋ ይገኛሉ፤ በነሐስ ገንዘቦቹ ላይ በእነርሱ ፈንታ ከጥንት መጻሕፍት ጌጥ የተወሰዱ ወፎች ገቡ። ይህን ልብ ማለት ይገባል። ከሁሉ ይልቅ የድኻውን ቤት የሚመስሉት ሁለቱ ምስሎች ድኻው ራሱ ከገጠር ወደ ከተማ በሚፈልስበት ዘመን ቀድመው ወጡ። በ2002 የአውሮፓ የጋራ ገንዘብ ሲመጣ ደግሞ የቀሩት እንስሳት ሁሉ ተሰናበቱ፤ በአየርላንድ በሚመቱት ሳንቲሞች ሁሉ ላይ የቀረው በገናው ብቻ ነው። በ1945 በይፋ ተመዝግቦ የአገሩ ጋሻ የሆነውም ይኸው በሰማያዊ መደብ ላይ ያለ፥ የብር አውታር የተዘረጋበት የወርቅ በገና ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። ሚኒስትሩ በትእዛዝ ያስገባው፥ ውበቱ ያልተመረመረው፥ ገዢና ዐመፀኛ የተቀባበሉት በገና እስከ ዛሬ ጸንቷል፤ ባለቅኔው በብዙ ጥበብ ያቀናበረው ግን ሰባ አራት ዓመት ኖሮ ከእጅ ወጥቷል። ይህ የዬትስን ሥራ ውድቀት አያሳይም፤ ዓርማና ጌጥ ሁለት መሆናቸውን ግን ያሳያል። ዓርማ የሚጸናው ሰዎች ስለ ተጣሉበትና ስለ ማሉበት ነው፤ ጌጥ የሚወደደው ስለሚያምር ነው። የዬትስ እንስሳት ያማሩ ነበሩ፤ የተጣሉባቸውም ነበሩ፤ የማለባቸው ሰው ግን አልተገኘም። ሐተታው ከዚህ ይልቅ ስለ ጎጆው፥ ስለ ዶሮዋና ስለ ኪራይ ከፋዩ ጌታ የበለጠ ቢናገር ኖሮ፥ ምናልባት ሕዝቡ በኪሱ የያዘውን ምስል የራሱ ታሪክ አድርጎ ለማንበብ ቶሎ በበቃ ነበር። የአንድን አገር ምልክት ለመምረጥ የሚጠራ ጸሐፊም ከዚህ ሊወስድ የሚገባው፥ ምስሉን መምረጥ የሥራው ግማሽ ብቻ መሆኑን ነው። ግማሹ ሥራ ሰሙን ለሚያየው ሁሉ ወርቁን መፍታት ነው።